ቃልን መሰወር ከሐሰት ይቈጠራልን?

በጃቢ ጠህናን ወረዳ የሚወርደው የብር ወንዝ ክረምት በገባ ጊዜ ሞልቶ መሻገሪያ የሚያሳጣ ነውና፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖር አንድ ባለዕዳ በተቀጠረበት የገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ቀርቶ፣ በሳምንቱ ከአበዳሪው ፊት ቆሞ «ጌታው፣ ባለፈው ሳምንት ብር ሞልቶብኝ ቀረሁ» ብሎ ቢመልስ፣ አበዳሪው ሊቈጣም ሊስቅም ይችላል። ወንዙን ያሰበ እንደ ሆነ ምክንያቱ የታወቀ የተረዳ ነው፤ ገንዘቡን ያሰበ እንደ ሆነ ግን ሰውዬው ኪሱ ሞልቶ ሳለ ዕዳውን ንቆ መቅረቱን በገዛ አፉ እየመሰከረ ነው። ይህን ሰው ውሸታም ልንለው እንችላለንን? ወንዙ ሞልቶ ከነበረ እውነት ተናግሯል፤ ወንዙ ጎድሎ ኪሱ ሞልቶ ከነበረም እውነት ተናግሯል፤ አበዳሪው ከሁለቱ ትርጉም የተሳሳተውን ቢወስድ ጥፋቱ የሰሚው እንጂ የተናጋሪው አይደለም ብሎ የሚሟገት ጠበቃም አይጠፋም። እኔ ግን በዚህ ሙግት ልቤ ስላልረካ፣ ሰው ሐሳቡን በቃል ለመግለጥ በተሰጠው ልሳን ሐሳቡን በቃል ውስጥ ሲሰውር ምን ማድረጉ እንደ ሆነ፣ ይህም አድራጎት ከሐሰት ይቈጠር እንደ ሆነ ወይም አይቈጠር እንደ ሆነ ጥቂት ለመመርመር ወደድሁ።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል፤ የፊተኛውን በ395፣ የኋለኛውን በ420 እ.ኤ.አ. አካባቢ፤ በኋለኛውም ውስጥ አባታችን አብርሃም ሣራን እኅቴ ናት ባለ ጊዜ ዋሽቷልን የሚለውን ክርክር አንሥቶ፣ ሣራ በአባቱ በኩል በእውነት እኅቱ ነበረችና ሚስትነቷን ሰወረ እንጂ ሐሰት አልተናገረም ብሎ ፈረደ። በዚህ ሊቅ ፍርድ እንግዲህ እውነትን መሰወር ሌላ፣ ሐሰትን መናገር ሌላ ነው። ፍርዱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሊቁ ዓይኑን በአብርሃም ላይ አድርጎ ሲፈርድ፣ በዚያ ስውር ቃል ምክንያት ለሞት ሊዳረግ የነበረውን፣ በልቡም ቅንነት ሣራን ወደ ቤቱ ያስመጣውን የጌራራውን ንጉሥ አቤሜሌክን ያሰበው አይመስለኝም። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 20 እንደሚተርከው፣ የተሰወረውን ነገር እግዚአብሔር ራሱ በሕልም ተገልጦ ባይነግረው ኖሮ አቤሜሌክ በማያውቀው በደል ይጠፋ ነበር። የአብርሃም ቃል እውነት ነበረ፤ ከእውነቱ በውጭ የቀረው ግን ምንም ያልበደለ ሰው ነው። እኔም የተሰወረ ንግግር ሲገጥመኝ ቃሉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብዬ ከመጠየቄ አስቀድሜ፣ ለማን ተሰወረ፣ ለማንስ ተገለጠ ብዬ መጠየቅን የተማርሁት ከዚህ ታሪክ ነው።

በእንግሊዝ አገር፣ በሎንዶን ከተማ ምሥራቃዊ ሰፈሮች የሚኖሩ፣ ኮክኒ የሚባሉ ሠራተኞችና ችርቻሮ ነጋዴዎች ለዚህ ምርመራ የሚጠቅም አንድ ልዩ የአነጋገር ብልሃት አላቸው። እውነተኛ ኮክኒ የሚባለው በቺፕሳይድ ጎዳና ያለችው ሴንት ሜሪ ለ ቦው የተባለች ቤተ ክርስቲያን ደወል በሚሰማበት አካባቢ የተወለደ ነው ይባላል፤ ደወሎቹ ግን በ1941 እ.ኤ.አ. በጀርመኖች የአውሮፕላን ድብደባ ወድቀው እስከ 1961 ድረስ ሳይደወሉ ስለ ኖሩ፣ ደንቡ በጥብቅ ይጠበቅ ከተባለ በእነዚያ ሃያ ዓመታት አንድም ኮክኒ አልተወለደም ማለት ነው። የአነጋገራቸው ብልሃት ይህ ነው፤ ሊናገሩት የፈለጉትን ቃል ትተው ከእርሱ ጋር ቤት በሚመታ ሐረግ ይተኩታል። ደረጃ በእንግሊዝኛ ‹ስቴርስ› ነውና በእርሱ ፈንታ ‹አፕልስ ኤንድ ፔርስ› ይላሉ፤ ሐረጉ የሁለት ዓይነት ፍሬ ስም ነው። ራስ ‹ሄድ› ነውና ‹ሎፍ ኦቭ ብሬድ›፣ ማለትም ሙልሙል ዳቦ፣ ይሉታል፤ ወዳጅ ‹ሜት› ነውና ‹ቻይና ፕሌት›፣ ማለትም የሸክላ ሳህን፣ ይሉታል። ነገሩ በዚህ ቢቆም የልጆች ጨዋታ በሆነ ነበር፤ ዋናው ብልሃት ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቤት የሚመታውን ቃል ቈርጠው ይጥሉና ‹ሎፍ› ወይም ‹ቻይና› ብቻ ብለው ያልፋሉ።

ይህን በራሳችን ቋንቋ ብንሞክረው ለአንባቢ ይበልጥ ይገለጥለታል። ደረጃ የሚለውን ቃል ለመሰወር ‹ቢላና ማረጃ› ለማለት በአንድ ሰፈር ልጆች መካከል ተስማማን እንበል፤ ጥቂት ዓመት ቆይተን ማረጃውን እንጥልና ‹በቢላው ውጣና ዕቃውን አምጣ› ብንባባል፣ በአጠገባችን የቆመ እንግዳ ስለቱ የት እንዳለ ዓይኑን ሲያንከራትት ወዳጃችን ፎቅ ደርሶ ይመለሳል። እንግዳው ቃሉን ሁሉ ሰምቷል፤ ቃሉም ሁሉ አማርኛ ነው፤ ሆኖም ከነገሩ ቤሳ አላገኘም።

ይህ አነጋገር ከወዴት እንደ መጣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲከራከሩበት ኖረዋል። ጆን ካምደን ሆተን የተባለ የመጻሕፍት ነጋዴ በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመንገድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ አነጋገሩ ከተጀመረ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው ብሎ፣ የፈጠሩትም በየአደባባዩ ግጥም እየዘፈኑና ወሬ እየለፈፉ ወረቀት የሚሸጡ ሰዎች ናቸው ብሎ ነበር። ከእርሱ በፊት በ1851 ሄንሪ ሜይሂው ስለ ሎንዶን ድኾች በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፣ ፍራፍሬና አትክልት በጋሪ የሚሸጡ ነጋዴዎች ቃልን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው እየተናገሩ ከፖሊስና ከባላንጣ ጆሮ እንደሚሰወሩ መዝግቧል። ሌሎች የሌቦች ነው፣ ሌሎችም የአየርላንድ የቀን ሠራተኞች ነው ይላሉ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ስፈርድ የሌቦች ነው የሚለው ትርጓሜ ብቻውን አይበቃኝም። ሌባ የሚፈልገው መሰወርን ብቻ ከሆነ ቤት መምታት ምን ያደርግለታል? ማንኛውንም ቃል በማንኛውም ቃል ለመተካት መስማማት ይችላል፤ እንዲያውም ቤት የሚመታ ቃል ለአዳኙ ፍንጭ ይሰጣል። ቤት መምታቱ ቁልፉን ከመዝጊያው አጠገብ ሰቅሎ እንደ መሄድ ነው፤ ቤት የሚመታውን ቃል ቈርጦ መጣሉ ደግሞ ቁልፉን አንሥቶ ለቤተሰብ ብቻ መስጠት ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ስለዚህ ሁለት ምኞት በአንድነት ይኖራል፤ አንዱ ‹ፈልገህ አግኘኝ› ይላል፤ ሁለተኛው ‹አንተ ከእኛ አይደለህም› ይላል።

በአገራችንም የሁለተኛው ምኞት ልሳን ጥቂት አይደለም። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ በ1949 እ.ኤ.አ. የነጋዴዎችንና ዛር ያደረባቸውን ሰዎች፣ በ1952 ደግሞ የአዝማሪዎችን ስውር ቋንቋ እየመረመረ አሳትሞ፣ በ1964 በአንድ መጽሐፍ ሰብስቧቸዋል። ማሲንቆውን ታቅፎ በጠጅ ቤት የሚዞር አዝማሪ ከባልንጀራው ጋር ስለ ተጋባዡ ኪስ፣ ስለ ባለቤቱ ንፍገት፣ ወይም ሌሊቱን ስለሚያድሩበት ቤት በተጋባዡ ፊት መነጋገር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህም የአማርኛውን ቃል ሥር ይዞ ፊደል እየጨመረና እያዛባ ከሰሚው ያርቀዋል። ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደር በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ አዲስ አበባ ሴቶች ስውር ቋንቋ ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየውም፣ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል እየደገሙ ‹ብር›ን ‹ባይረር›፣ ‹ወርቅ›ን ‹ዋርቀቅ› ያደርጉታል። የዛሬውም የአራዳ ልጅ ገንዘብን ‹ጨላ›፣ ወዳጅን ‹ጀለስ› ሲል፣ እኛን ባላገሮችን ደግሞ ‹ፋራ› ሲለን፣ ከሎንዶኑ ኮክኒ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጠ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ኃጢአት ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ምክንያቱም ስውር ልሳን የሚወለደው ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ጆሮ ሥር ለመኖር ከተገደደ ሰው ነው። ባለጠጋ ምሥጢሩን የሚነጋገርበት እልፍኝ አለው፤ መዝጊያውን ይዘጋል፣ አሽከሩን ያስወጣል። ጠጅ ቀጂዋ፣ አዝማሪው፣ ባለ ጋሪው ግን የሚዘጉት መዝጊያ ስለሌላቸው ቃላቸውን እልፍኝ ያደርጉታል። በጣልያን ወረራም ዘመን በከተማ ከጠላት ጋር እየኖረ ለጫካው አርበኛ ወሬ የሚያቀብለው የውስጥ አርበኛ በስውር ቃል ሲነጋገር፣ ሐሰተኛ ብሎ የከሰሰው አንድም ካህን መኖሩን አልሰማሁም። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ‹ሰምና ወርቅ› በተሰኘው መጽሐፉ የአማራ ሕዝብ ድርብ ንግግርን ለምን እንደሚጠቀምበት ሲዘረዝር፣ ለጨዋታና ለሣቅ፣ ሳይነቀፉ ለመሳደብ፣ ገመናን ከሰው ዓይን ለመጠበቅ፣ ሹምንም ሳይቀጡ ለመንቀፍ ነው ብሏል። ዝርዝሩ እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው ሊቅ ድርብ ንግግር የዘመናዊ ሥራና አስተዳደር መሰናክል እንደ ሆነ ሲናገር፣ ችግሩን በአነጋገሩ ላይ የጫነው መስሎ ይታየኛል፤ በቅን ቃል የተናገረ ሁሉ በሚቀጣበት አገር ሰው ቃሉን ቢያድበሰብስ፣ መሰናክሉ ከምላሱ ሳይሆን ከቅጣቱ ነው።

ቅኔን ከአዝማሪና ከመንገድ ቋንቋ ጋር በአንድ መዝገብ መጻፍ ብዙ ሊቃውንትን እንደሚያስቈጣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በጎጃም ተወልዶ ስለ ስውር ቃል የሚጽፍ ሰው ዋሸራንና ጎንጅን በዝምታ ቢያልፍ ነውር ነው። ከወሎው ዋድላ ጋር የቅኔ መንገዶች ምንጭ ተብለው ወደሚቈጠሩት ወደ እነዚህ አድባራት ከየአገሩ የሚጎርፈው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየተከላከለ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ብሎ የለመነውን ቍራሽ በልቶ ካበቃ በኋላ፣ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ወይም ከአንድ ቋጥኝ ጥግ ይቀመጥና ቅኔውን ይቈጥራል። መንገደኛ ያየው እንደ ሆነ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ ጣቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ ድንገትም ለብቻው ሲስቅ ስለሚያገኘው፣ ያመመው ይመስለዋል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ልኩ የታወቀ ነው፤ ቤቶቹም በአንድ ድምፅ መጨረስ አለባቸው። ለቤት መምታት ሲባል ቃል ፍለጋ መንከራተትን እንግዲህ የሎንዶን ወረቀት ሻጮች ከመጀመራቸው ከብዙ ዘመን በፊት የእኛ ተማሪዎች ያውቁታል።

ማታ ጉባኤው ሲሰበሰብ ተማሪው ቀርቦ «የኔታ፣ ቈጥሬ መጣሁ» ይላል፤ ቅኔውንም ያሰማል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ «ወርቅህን አየሁት፤ ሰምህ ግን ጭቃ ሆኖ ቀርቷል፤ ሂድና ቍጠር» ይሉታል። በማግሥቱ ደግሞ ሰሙን አሳምሮ ሲመጣ ወርቁን ያጡበታል። ይህ የሰምና የወርቅ ነገር ከአንጥረኛ ቤት የመጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፣ በእሳት ያቀልጠዋል፣ ሰሙ ፈስሶ ከወጣ በኋላ በለቀቀው ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሰሙ የወርቁ ጠላት ወይም መሸሸጊያ አይደለም፤ የወርቁን መልክ አስቀድሞ የሚይዝለት እርሱ ነው። የተዋጣ ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ሰሙን በሚገባ ያልተመለከተ ሰሚ ወርቁን አያገኝም።

ምሳሌ እንድትሆነኝ ራሴ ያዋቀርኋትን፣ ለሊቃውንት ፊት የማትበቃ አንዲት የአማርኛ ግጥም ልጥቀስ፤ የምትናገረው አንዲት ባላገር ሴት ናት፦

ቡሬ ሄዶብኝ ነው እርሻው ጾም ያደረ፣
ደጄ ላይ ሲውልማ ቤት ሙሉ ነበረ።

ቡሬ ዥጉርጉር በሬ የሚጠራበት ስም ነው፤ በዚህ መንገድ የሰማ ሰው በሬዋ የጠፋባት ገበሬ ሴት መሬቷ ሳይታረስ ስለ ቀረ ታለቅሳለች ይላል። ቡሬ ግን ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ በበርበሬዋም የታወቀችው ከተማ ናት፤ በዚህ መንገድ የሰማ ሰው ደግሞ ባሏ ለሥራ ወይም ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማ ሄዶ ስለ ቀረባት ሚስት ይሰማል፤ ያን ጊዜም ጾም ያደረው እርሻ ምን እንደ ሆነ ለአዋቂ መንገር አያስፈልግም። ሴትዮዋ ይህን በጎረቤት ፊት፣ ወፍጮ ላይ ሆና፣ አማቷ እየሰማቻት ልትዘፍነው ትችላለች። ባሌ ጥሎኝ ሄደ ብትል ቤቷን ታዋርዳለች፤ ዝም ብትል ልቧ ይፈነዳል። ነገሩን የሚያውቅላት ጎረቤት በአንድ አፍታ ይረዳታል፤ የማያውቀውም ለበሬዋ ያዝንላታል፤ ሁለቱም ቢሆኑ በማዘናቸው አልተሳሳቱም። ቅኔ ከሌባ ቋንቋ የሚለይበት ነጥብ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሌባው ጓደኛው ያልሆነው ሁሉ እንዲያስተውል አይፈልግም፤ ሴትዮዋ ግን የሚያስተውላትን ሰው እየጠራች ነው።

ይህን ብዬ ቅኔን ነጻ አውጥቼው ብሄድ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን የማይለቀኝ አንድ ትዝብት አለ። በዓመታዊ የንግሥ በዓል በማኅሌት ጊዜ፣ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ አንድ ገበሬ ከቤተ መቅደሱ ዓምድ አጠገብ በዱላው ተደግፎ ይቆማል። ጧፉን የለገሰው፣ ለካህናቱ ምግብ እህል የሰፈረው እርሱ ነው። ባለ ቅኔው ተነሥቶ በግዕዝ ይቀኛል፤ ሊቃውንቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ገበሬውም አብሮ «ይበል» ይላል። የተባለው ምንድን ነው? ምናልባት የሥላሴ ምሥጢር ነው፤ ምናልባትም ደሞዝ ያሳነሰው የደብሩ አለቃ ነው፤ እህል የነፈገው ባለጠጋ፣ ወይም ያው በዱላው የተደገፈው ገበሬ ራሱ ተዘልፎ እንደ ሆነም ማንም አይነግረውም። ሲነቀፍም ሲመሰገንም ‹ይበል› የሚል ሰው፣ ‹ቢላ› ሲባል ስለት ከሚፈልገው እንግዳ በምን ይሻላል? እንግዳውስ በጎዳና ላይ ነው የተሳተው፤ ገበሬው የሚስተው በአባቱ ቤት ነው።

መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 ቃል የሰው መለያ ሲሆን መጨረሻው ምን እንደሚሆን ይነግረናል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፣ የሚሻገረውን ሁሉ ‹ሺቦሌት› በል እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ ፊደሉን አስተካክሎ መጥራት ያልቻለውን ኤፍሬማዊ ነው ብለው ይገድሉት ነበር፤ በዚያም ጊዜ ከኤፍሬም 42,000 ሰው ወደቀ። ቃሉ ምንም ስውር ትርጉም አልነበረውም፤ ገዳይ ያደረገው ትርጉሙ ሳይሆን ‹ከእኛ ነህን?› የሚለው ጥያቄ ነው። የአራዳው ልጅ ‹ፋራ› ሲለኝ፣ ደብተራውም በግዕዝ ሲያላግጥብኝ፣ በለሰለሰ መልክ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ጋር የሚተያየው ሌላ ታሪክ የነቢዩ ናታን ነው። ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ቤርሳቤህን በወሰደ ጊዜ፣ ናታን ገብቶ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ተረከለት፤ ዳዊትም የበጉን ታሪክ እንደ በግ ታሪክ ሰምቶ በባለጠጋው ላይ በሞት ፈረደ፤ ያን ጊዜ ነቢዩ ያ ሰው አንተ ነህ ብሎ ሰሙን አቀለጠው። ልብ እንበል፤ ናታንም ሰውሯል፤ ለጥቂት ደቂቃ ንጉሡን አሳስቷል ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የሰወረው ዳዊት እንዳያውቅ ብሎ አልነበረም፤ በቀጥታ ቢነገረው የማይሰማውን ነገር ራሱ ደርሶበት እንዲያውቀው ብሎ ነው፤ ከሁሉም በላይ ነቢዩ ቁልፉን በእጁ ይዞ አልወጣም። ጌታችንም በምሳሌ ስለ መናገሩ ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁት ጊዜ የሰጠው መልስ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈ፣ ለሊቃውንት ሁሉ ከባድ ነው፤ ለአንዳንዱ የተሰጠ ለሌላው ያልተሰጠ ምሥጢር እንዳለ ይናገራልና። እኔ በዚህ ላይ ለመተርጐም አልደፍርም፤ የማስተውለው ግን ለጠየቁት ሁሉ የዘሪውን ምሳሌ ወዲያውኑ አፍታትቶ መግለጡን ነው።

ቁልፉ ሳይሰጥ ሲቀር ቃሉ የሚደርስበትን ለማየት የክታብ ጸሐፊዎቻችንን መመልከት ይበቃል። ‹ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ› የሚሉትን አምስት ስሞች ሕዝባችን የጌታችን የመስቀሉ ችንካሮች ስሞች ናቸው ብሎ በአንገቱ ያስራቸዋል፤ እነዚህ ስሞች ግን በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ ግንብ ላይ ጭምር ተቀርጸው የተገኙ፣ ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ አንድ ዓይነት የሚነበቡ የላቲን ቃላት ናቸው። የሮማው ሰው የቃል ጨዋታ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ እዚህ ሲደርስ ቁልፉ በመንገድ ስለ ጠፋ ጸሎት ሆነ። ይህን እንደ ስድብ አልናገረውም፤ እናት ለታመመ ልጇ ስታስርለት እምነቷ እውነት ነው። ግን ቃሉ ለማንም የማይናገር ሆኗል።

ባልተፈለገ መንገድ ስውር የሆነ ልሳንም በአገራችን ነበረ። በጎጃም ደቡብ፣ በዓባይ ወዲህ ይኖሩ የነበሩት የጋፋት ሰዎች ቋንቋ በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ያስተረጐመበት ሕያው ቋንቋ ነበረ፤ ያው ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ፈልጎ በመጣ ጊዜ ግን የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሽማግሎች በገበያ መካከል ቆመው ቢነጋገሩ ከአራቱ በቀር የሚሰማቸው አልነበረም፤ ከአዝማሪውም ከኮክኒውም ይልቅ ምሥጢራቸው የተጠበቀ ነበር። በዚህ ጥበቃ ደስ ብሏቸው ነበር የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወደ ገበሬው እመለሳለሁ። ቅኔው ለሕዝቡ በአማርኛ ይተርጐም ባልሁ ቍጥር፣ ምሥጢር ሲገለጥ ይረክሳል፣ ሰሙ በሌላ ልሳን አይቀልጥም የሚል መልስ ይሰጠኛል። በቃል ጥበቡ በኩል እውነት አላቸው፤ የግዕዙ ኅብር በአማርኛ አይገኝም። ነገር ግን ቅኔን የወለደችው ይህችው ቤተ ክርስቲያን አንድምታንም ወልዳለች፤ የአንድምታ መምህር የግዕዙን ንባብ ይዞ ‹አንድም› እያለ ትርጓሜውን በአማርኛ ሲያወርድ የኖረው፣ አንድ ቃል ብዙ ወርቅ ቢይዝ ሁሉንም ለሰሚው ለማከፋፈል ነው፤ በዚህም ወንጌሉ ረከሰ ያለ የለም። ለሐሰት ያለኝም መልስ ከዚህ አይርቅም፤ ተጠይቆ የሚፈታ ቃል፣ ሲሰወር ቢውልም፣ ከሐሰት ወገን አይደለም፤ ‹ብር ሞላብኝ› ያለው ባለዕዳ አበዳሪው ‹የትኛው ብር?› ብሎ ሲጠይቀው ምን እንደሚመልስ ሳላይ ግን አልፈርድለትም።

በአንድ የበዓል ቀን፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ካህናቱና ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ዳቦውና ጠላው ሲዞር፣ አንድ መሪጌታ የማለዳውን ቅኔ ለተሰበሰበው ባላገር በአማርኛ ሲያብራሩ ሰምቻለሁ። ሰሙ እርሻ ነበር፤ መስቀሉን በሞፈር፣ ወንጌልን በዘር፣ ሁለቱን ኪዳናት በጥንድ በሬ መስለው ነበርና፣ «ሞፈርና ቀንበር በወገል እንደሚያያዙ ሁሉ» እያሉ ሲቀጥሉ፣ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ገበሬ ዋንጫውን አኑሮ ተነሣ።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ሞፈርን ከቀንበር የሚያይዘው ምራን ነው። ወገልማ ታች፣ ማረሻው ጋ ነው።»

ሰዉ ሣቀ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ ሰም ቀልጦ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ ቢሳሳትም ወርቁን እንደማይጐዳው፣ ቃሉን ቢለውጡት ደግሞ ቤቱ እንደሚፈርስባቸው በትሕትና መለሱለት።

«እኔ እንኳ ቅኔውን አላውቅም» አለ ገበሬው፤ «ግን ጎረቤቴ አንጥረኛ ነው፤ ሰሙን አጣሞ ቀርጾት የተቃና ቀለበት ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።»

መሪጌታ ወደ ዲያቆኑ ዘወር ብለው ብዕርና ወረቀት አስመጡ፤ ገበሬውንም አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ከምራን ጀምሮ የእርሻውን ዕቃ አንድ በአንድ እንዲነግራቸው ለመኑት።